ቀበሮዋ ጎንደር ብትገባ ምን አለበት? ስለ ፋንታሲ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ጉዳዩ ፋንታሲ ነው፤ ድግምት፣ ዘንዶና በካርታ ላይ የሌለ አገር ያለበት ልብ ወለድ ማለት ነው። ጸሐፊው የየአገሩን አፈ ታሪክ እያደባለቁ የሚጻፍ ፋንታሲ ሥር የለውም ይላሉ። ወጣት ጸሐፊዎቻችንም ይህን ትተው በራሳችን ንጹሕ ተረት ብቻ ይጻፉ ብለው ይመክራሉ።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ያላለፍኩት በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው።

እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ጥቂት የንባብ ወዳጆች አለን። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ እኔ በዕድሜ ስለምበልጣቸው ጋሼ ይሉኛል። ከመካከላቸው አንዷ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ታሪኳ ውስጥ ሔዋን ከፈጣሪ የደበቀቻቸው ልጆች አሉ፤ የዛር አመጣጥ ሲተረት የምንሰማቸው ማለቴ ነው። ሕፃናት የምትገድለዋ ውርዝልያም አለች። ከነዚህ ጋር ደግሞ ከጃፓን ተረት የመጣች፣ ሴት መስላ የምትኖር ቀበሮ አለች። ጽሑፉ በተሰራጨበት ሳምንት ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ የኔ ነገር የኛም አይደለም፣ የነሱም አይደለም ማለት ነው፤ በቃ ልተወው" አለችኝ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጽሑፉ ባለቤት ቢሆንም፣ አንድ ዓይኔ እሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተባለውን በትክክል ላስቀምጥ። ጸሐፊው ለአገራቸው ተረት የሚቆረቆሩ፣ አማርኛቸውም ያማረ ሰው ናቸው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሙግታቸው እንዲህ ይሄዳል። ታላላቆቹ የፋንታሲ ሥራዎች የበቀሉት ከአንድ ሕዝብ አፈ ታሪክ ነው፤ ምስክሩም ለእንግሊዝ የራሷን አፈ ታሪክ ልፍጠርላት ብሎ የተነሣው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ነው። የኛም ተረት የውጭ እጅ ያልነካው ሀብት ነው፤ ልክ እንደ ፋሲል ግንብ በራሱ ድንጋይ የቆመ። ሦስተኛ፣ ቅልቅል የልብ ወለዱን ዓለም ሕግ ያሳጣዋል፤ ሁሉ የሚገባበት ቤት የማንም ቤት አይሆንም። አራተኛ፣ እኛ ተረት የምንለው ነገር ለባለቤቱ እምነት ሊሆን ይችላል፤ አንስቶ መጫወቻ ማድረግ ድፍረት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የውጭ አንባቢ የራሱን ነገር መልሰን ብንሰጠው ምን ያደርግለታል ብለው ይጠይቃሉ።

አራተኛው ላይ ብዙ እስማማለሁ፤ ሦስተኛው ላይ በግማሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ስህተት ናቸው፤ ምክሩ በሙሉ የቆመው ደግሞ እነሱ ላይ ነው።

ከቶልኪን ልጀምር። እውነት ነው፣ ለአገሩ የሚያበረክተው አፈ ታሪክ የመፍጠር ሕልም እንደነበረው ራሱ በደብዳቤው ጽፏል። ጸሐፊው የዘለሉት ሕልሙን በምን በምን እንደሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት ድንክዬዎች ስማቸውን ከሞላ ጎደል ያገኙት ቮሉስፓ ከሚባል የጥንት የሰሜን ሰዎች ግጥም ነው፤ አስማተኛው ጋንዳልፍም እንዲሁ። ያ ግጥም ተጽፎ የቆየልን አይስላንድ ውስጥ ነው። ሳያውቅ እህቱን አግብቶ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ የሚሞተው ሌላው ባለታሪኩ ቱሪን ደግሞ የፊንላንዱ ተረት ጀግና የኩለርቮ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሁለቱም ከመሞታቸው በፊት ሰይፋቸውን ያናግራሉ፣ ሰይፉም ይመልስላቸዋል። ለፍጡራኑ ከፈጠራቸው ቋንቋዎች አንዱ የፊንላንድኛን ዜማ፣ ሌላው የዌልስኛን ይከተላል። ባሕር የዋጣት ደሴቱም የግሪኮቹን አትላንቲስ ይዛ ነው የመጣችው።

አይስላንድ፣ ፊንላንድ፣ ዌልስ፣ ግሪክ። አንድ ሕዝብ የተባለው የቱ ጋ ነው?

ትንሽ ዝቅ ብለን ብንቆፍርም ያው ነው። የኩለርቮ ታሪክ ያለበትን የፊንላንድ መጽሐፍ፣ ካሌቫላን፣ ያዘጋጀው ኤሊያስ ሎንሮት የሚባል ሐኪም ነው። እየዞረ ከብዙ ዘፋኞች አፍ የለቀመውን ግጥም ቆርጦና ሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ1835 አሳተመው፤ በ1849 ደግሞ አስፋፍቶ አወጣው። ቶልኪን ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም ቤዎውልፍስ? ጀግናው የዛሬዋ ደቡብ ስዊድን ሰው ነው። ጭራቁን የሚገጥመው ዴንማርክ ሄዶ ነው። በታሪኩ ውስጥ እንግሊዝ አገር አይረገጥም። ጭራቁ ግሬንደል ደግሞ፣ ግጥሙ እንደሚለው፣ የቃየን ዘር ነው! የሰሜን ረግረግ ጭራቅ ከኦሪት ዘፍጥረት የዘር ሐረግ ወጥቶለታል። ይህን ያደረገ ባለቅኔ የደባለቀ አልመሰለውም። ያገኘውን ፍርሃት በሚያውቀው መጽሐፍ አስረዳ፣ በቃ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ እኔን ያናገረኝ ዋናው ነጥብ እዚህ ነው።

ጸሐፊው የፋሲል ግንብን የንጽሕና ምሳሌ ማድረጋቸው አስገርሞኛል። ግንቡን በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን ይህ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተጻፈለት ምክንያት የሕንድና የዐረብ አሻራ፣ በላዩም ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮኖች ጋር የመጣው የአውሮፓ ባሮክ ስልት ያረፈበት መሆኑን ይናገራል። ድንጋዩን የያዘውን ኖራ የመሥራት ዘዴም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ ጋር ነው የገባው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረሩ፤ ኖራውን ግን አላባረሩም። ግንቡ ዛሬም የማን ነው ቢባል የጎንደር ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው አላውቅም።

ሥዕሉንም እዩ። በጎንደር ዘመን የተሣለችው፣ እጆቿን አነባብራ ልጇን የታቀፈችው ድንግል ማርያም አቀማመጧ ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የተወሰደ ነው። የሥዕሉን ቅጂ ያመጡት ያው ኢየሱሳውያን ናቸው። የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረው፣ ሰው የሚምልበት ኩርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ራሱ የአውሮፓ ሠዓሊ እጅ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ሲወስዱት ያዘነው ሕዝብ ግን የአውሮፓ ሥዕል ሄደብን ብሎ አይደለም ያዘነው። የራሱ ነገር ነው የተወሰደበት።

ተረቱስ? እስቲ ሦስት ብቻ ላንሣ።

ንግሥተ ሳባን ሁላችንም እናውቃታለን። በሸራ ላይ በተከታታይ ተሥሎ ለቱሪስት የሚሸጠው ታሪኳ የሚጀምረው ከኢየሩሳሌም አይደለም፤ ሕዝቡ ግብር ከሚያበላው ከዘንዶው፣ ከአርዌ ነው። በሰሜኑ በሚተረት አንድ ትረካ ዘንዶው ሲገደል ደሙ ተረከዟ ላይ ጠብ ይልና እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል፤ ወደ ሰሎሞን የምትሄደው ለመዳን ነው። ይህ የእግር ነገር ከየት መጣ? በቁርኣን፣ በሱረቱ ነምል፣ ንግሥቲቱ የመስተዋቱን ወለል ውሃ መስሏት ቅልጥሟን ትገልጣለች። በአይሁድ ትረካ እግሯ ጠጉራም ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የአገር ዘንዶ፣ የመጽሐፈ ነገሥት ንጉሥ፣ ዐረቡና አይሁዱ የሚያወሩት እግር በአንዲት ሴት አካል ላይ ተገናኙ። ደግሞም ዝም ብለው አልተደረደሩም። የዘንዶው ደም የጉዞዋ ምክንያት ሆነ። አንዱ ሌላውን ወለደው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው በረላም ወይዋስፍ ነው። አባቱ ሞትና በሽታ እንዳያይ በቤተ መንግሥት የዘጋበት ልዑል ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ዓለምን ንቆ ይመንናል። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት እጨጌ እንባቆም ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ከየመን መጥተው፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብተው የደብረ ሊባኖስ አባት የሆኑ ሰው። የልዑሉ ታሪክ ግን የቡድሃ ታሪክ ነው። ስሙም ቦዲሳትቫ ከሚለው ቃል በአገር አገሩ አፍ እየተለወጠ የመጣ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስና በዐረብ አልፎ፣ መነኮሳታችን እጅ ገባ። መነኮሳቱ ያዩት የሕንድ ልዑል ሳይሆን የራሳቸውን ጥያቄ ነው፤ ሞት ካለ በቤተ መንግሥት መቀመጥ ምን ይረባል የሚለውን።

ሦስተኛው ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው። ሾተላይ የሚያስቸግራት እናት የምትይዘው የብራና ክታብ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን በጦር ይወጋታል። ብዙዎቻችን ከሴት አያቶቻችን አንገት ላይ አይተነዋል። ይኸው ቅዱስ በግሪኮች ዘንድ ሲሲኒዮስ ይባላል፤ ጌሎ የምትባል ሕፃናት ገዳይ ያሳድዳል። ግብጾችም አላቸው። አይሁድ ደግሞ ሊሊትን ይፈራሉ። አንድ ፍርሃት፣ የሕፃን ሞት ፍርሃት፣ ስሙን እየቀየረ ከባልካን እስከ ጣና ዙሪያ ተጉዟል። እኛ ጋ ሲደርስ ሾተላይ የሚባለውን የኛን ሕመም አገኘና ከሱ ጋር ተጋባ። የአያቴ ክታብ የግሪክ ነው ብትሏት ክታቡን አታወልቅም ነበር፤ ደግሞም ልክ ናት።

ንጹሕ የተባለው ተረት እንግዲህ ይህ ነው። አላቃለልኩትም። እንዲያውም አባቶቻችን ምን ያህል ጎበዝ አንባቢና ጎበዝ ፈጣሪ እንደነበሩ የሚያሳየኝ ይኸው ነው። ልብ ወለድ የሚለውን ስያሜ እንኳ ያገኘነው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታትሞ ከወጣው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው። የዛሬ ወጣት በንጹሕ ብቻ ጻፍ ሲባል፣ አባቶቹ ሠርተውት የማያውቁትን ሥራ ነው የታዘዘው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ቅልቅል ሕግ ያሳጣል ወደሚለው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት ይዘዋል። መጥፎ ቅልቅል አለ። እሳቸው የጠቀሱት፣ ዋካንዳ የሚባል በካርታ ላይ የሌለ የአፍሪካ አገር የሚያሳየው ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ቋንቋውን ከደቡብ አፍሪካ ኮሳዎች፣ ብርድ ልብሱን ከሌሶቶ፣ የአንድ ተራራ ሕዝብ አምላኩን ከሕንዱ ሐኑማን ወስዷል። ብዙ ሰው በደስታ ያየው ፊልም ነው፤ ደስታውንም አልነፍግም። ግን አረንጓዴ ሱፍ ለብሰው የከንፈር ሸክላ ያደረጉትን ሽማግሌ ሳይ እኔም ቅር ብሎኛል። ሸክላው እዚያ ፊልም ውስጥ ለማየት ብቻ ነው ያለው። ማን አስገባው፣ ለምን፣ ስንት ዓመት፣ ሕመሙስ? ኦሞ ሸለቆ ላለ ሰው ይህ ሁሉ ትርጉም አለው። በኔ ግምት የእንግሊዞቹ የናርኒያ ተከታታይ መጀመሪያ መጽሐፍም አንድ ቦታ ይሰነጠቃል፤ የግሪክ ግማሽ ፍየል ግማሽ ሰዎች፣ የሰሜን ድንክዬዎች ባሉበት በረዶ ውስጥ የገና አባት ስጦታ ይዞ ከች ሲል።

ስለዚህ መጥፎ ቅልቅል አለ ቢሉ እሺ። ቅልቅል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መጥፎ ወጥ ስላለ ወጥ አይሠራ አይባልም።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ለኔ መልሱ የንግሥተ ሳባ ተረከዝ ላይ አለ። የገባው ነገር ገብቶ ዝም ካለ ቅልቅሉ ከሽፏል። ገብቶ ሌላውን ካስቸገረ፣ ሌላውም እሱን ካስቸገረው፣ ሁለቱም ሳይለወጡ መኖር ካልቻሉ፣ ያኔ አዲስ ዓለም ተወልዷል። ይህን በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከምናገር የዚያችን ልጅ ደብተር ልንገራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች።

በመጀመሪያው ረቂቋ ላይ ቀበሮዋ ያሻትን ታደርጋለች። ትሰወራለች፣ ትበራለች፣ ልብ ታነባለች። ጸሐፊው የሚሉት ሕግ አልባነት ይኸው ነው፤ እኔም ያኔ አልወደድኩትም። ሁሉን የምትችል ፍጡር ላይ ምንም አይደርስባትምና አንባቢው አይሰጋላትም። ልጅቷን "ጃፓኖቹ ቀበሮዋ ምን ትፈራለች ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኳት። ሄዳ አነበበች። ቀበሮዋ በዕድሜ ጅራቷ እየበዛ እስከ ዘጠኝ ይደርሳል። ሴት ትመስላለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። አንድ ነገር ግን ክፉኛ ትፈራለች፤ ውሻ። ውሻ ፊት ማንነቷ ይጋለጣል።

ልጅቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ዓይኗ በርቶ ነበር። "ጋሼ፣ ጎንደር ማታ ውሻ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃለህ አይደል? እዚህ ከተማ አንድ ሌሊት አታድርም!" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በራሱ ሄደ። ቀበሮዋ ከነጋዴዎች ጋር አዲስ ዓለም ሰፈር ትገባለች፤ ድሮ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር የነበረው፣ የሩቅ አገር ዕቃም ወሬም የሚያርፍበት። ቀን ሴት ናት፤ ቡና ታፈላለች፣ ከጎረቤት ትስቃለች። ሲመሽ ውሻው ሲነሣ ጅራቷን መደበቅ ያቅታታል። ውሻ የማይደፍረው ቦታ የት ነው? ጅብ ያለበት። ስለዚህ ከቀሃ ወንዝ ጅቦች ጋር ትስማማለች፤ እነሱ ውሻውን ያርቁላታል፣ እሷ ደግሞ የሆነ ነገር ትከፍላለች። ምን እንደምትከፍል አልናገርም፤ የታሪኩ ልብ ስለሆነ። ግን ተመልከቱ፤ የጃፓን ሕግ አለ፣ የጎንደር ሌሊት ሕግ አለ፣ ሁለቱ ተጋጩና በጃፓንም በጎንደርም ያልነበረ ሦስተኛ ሕግ ወለዱ። ይህ ዓለም ከሁለቱም ይልቅ ጥብቅ ነው። ሕግ አልባ የሚለው ስም ለዚህ አይሆንም።

አራተኛው ነጥብ። እዚህ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የማያነሣውን አንሥተዋል።

ጅብ ካልኩ ቡዳ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ቡዳ የሚባለው ማን እንደሆነም እናውቃለን፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ። እዚህ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ማረሻችንን እየሠሩልን፣ በሸክላቸው እየበላን፣ ዓይናቸውን ስንፈራ ኖረናል። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስድቡ ግን ከነሱ ጋር አልሄደም፤ ዛሬም በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ላይ ይለጠፋል። ይህን ወስዶ ቀጥቃጩን ሌሊት ጅብ ማድረግ ለልብ ወለድ ቀላል ነው፤ ያስፈራል፣ ያጓጓል። የሚጎዳው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ድፍረት የሚለው ቃል ትክክል ነው፤ እኔ እንዲያውም ከዚያ ከበድ ያለ ቃል እጠቀም ነበር።

ዛርም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ወራት ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ማስታወሻ ይዟል። ይህ ግን የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም የሚያምን አለ፣ በሱ ምክንያት የሚሠቃይ አለ፣ ኃጢአት ነው ብሎ የሚሸሸው አለ። ጽላትና ቁርባንን የመሰለ ነገርማ የታሪክ ማጣፈጫ ሲሆን እኔም ደስ አይለኝም።

የማልስማማው መድኃኒቱ ላይ ነው። ጸሐፊው ጥንቃቄን ከንጽሕና ጋር አንድ አድርገዋል። የራሳችን ተረት ብቻ ብንል እኮ ቡዳ የራሳችን ነው! ቀጥቃጩን ጅብ የሚያደርገው ንጹሑ የአገር ተረት ነው። ንጽሕና ከዚህ አላዳነንም።

የልጅቷ ታሪክ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ እሷም ቀጥቃጩን ጅብ ልታደርገው ነበር። ተነጋገርንበት፤ ረጅም ነበር፣ ትንሽም ተኳረፍን። በኋላ የመጣችበት ነገር አስደነቀኝ። ሰፈር ውስጥ ሕፃን ይታመማል፤ ሰዉ ወደ ቀጥቃጩ ያያል። ቀጥቃጩ ሰው ነው፤ ምንም አይለወጥም፣ ሌሊት ተኝቶ ያድራል። ሰው ያልሆነችው፣ ሌሊት በእውነት የምትለወጠው፣ ያቺ ሁሉ የሚወዳት ቡና አፍዪዋ እንግዳ ናት። እሷም ይህን ታውቃለች። ልትናገር ከሆነ ራሷን ማጋለጥ አለባት። ዝም ካለች ንጹሕ ሰው ይደበደባል።

ይህን ትዕይንት ያለ ጃፓኗ ቀበሮ እንዴት ይጻፍ ነበር? በኛ ተረት ውስጥ የሚለወጠው ሁልጊዜ ተጠርጣሪው ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል። ከውጭ የመጣችው ፍጡር የኛን ተረት ከውስጥ ከፈተችው። ቅልቅሉ ጌጥ አልሆነም፤ ለብቻችን ልንጠይቀው ያልደፈርነውን አስጠየቀን። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ደግመው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ልዩነታችን በሙሉ እዚህ ነው።

በዚያው ላይ፣ ከሌላ ሕዝብ ስንወስድም ያው ጥንቃቄ አይለየን። ቀበሮዋ ጃፓን ውስጥ ኢናሪ የሚባለው አምላክ መልእክተኛ ተብላ በመቅደስ ደጃፍ ሐውልት የሚቆምላት ናት። የኦሮሞን አቴቴ፣ የአፋርን ወይም የአኙዋክን ተረት የሚያነሣ የጎንደር ልጅም ስሙን ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹ በምን ሰዓት፣ ለምን ጉዳይ እንደሚጠሩት ቢያውቅ ይሻላል። ጠይቆ፣ ሰው ፊት አንብቦ፣ ተሳስተሃል ሲሉት አርሞ። ይህ ሥራ ያደክማል። ክልከላ ግን አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የውጭ አንባቢ ነገር፣ ብዙ አያቆየኝም። ልጆቻችን መጀመሪያ የሚጽፉት ለኛ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ በሌላው ዓለም ጠፍቶ እኛ ዘንድ ብቻ ሙሉውን የቆየውን መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ሁለት መቶ መላእክት ወደ ሄርሞን ተራራ እንደወረዱ፣ ከሰው ልጆች ግዙፋንን እንደወለዱ፣ አዛዝኤል ሰይፍ መሥራትንና ኩልን እንዳስተማረ እዚያ አለ። ለኛ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ለዓለም ፋንታሲ ጸሐፊዎች ደግሞ የወደቁ መላእክትና የግዙፋን ምንጭ ሆኗል፤ በልብ ወለዱም፣ በፊልሙም፣ በጌሙም። እና የውጭ አንባቢ በኛ እጅ የራሱን ነገር ማየት አይፈልግም ሲባል፣ እሱ የኔ ብሎ ከያዘው ውስጥ ከዚህ ከተማ የወጣ እንዳለ መርሳት ነው። ስንሰጥ ኖረናል፣ ስንቀበልም ኖረናል።

ለጽሑፉ ባለቤት አንድ ግብዣ አለኝ። ጎንደር ብቅ ካሉ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡና ልጆቹ ሲያነቡ ይስሙ። ከወደዱት ይንገሯቸው፤ ካልወደዱት ደግሞ የቱ ጋ እንዳልወደዱት፣ በየትኛው ገጽ፣ ይንገሯቸው። እንደርስዎ ያለ ለቋንቋ የሚጠነቀቅ አንባቢ ያስፈልጋቸዋል። አትጻፉ የሚል ሳይሆን፣ ይህች ዓረፍተ ነገር አልሆነችም የሚል።

ደብተሩን ባለፈው ሐሙስ ቤቷ ድረስ ወስጄ ለእናቷ ሰጠሁ። እሷ አልነበረችም። ሦስት ቀን ምንም አላለችኝም።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታም ሳታስቀድም "ጋሼ፣ የሾተላይ ክታብ ርዝመቱ በሴትዮዋ ቁመት ልክ ነው የሚባለው እውነት ነው?" አለችኝ።

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቃት ነው አልኳት።

"ቀበሮዋ ታዲያ በየትኛው ቁመቷ ይለካላት?"